ቸርኬው «ፋ» ነበር

የትምህርት ቤታችን ደወል የጭነት መኪና ቸርኬ ነበር። ከግቢው በር አጠገብ ባለው ባሕር ዛፍ ላይ በወፍራም ሽቦ ተንጠልጥሎ ይውላል፤ ከሥሩ ክንድ የምታህል ብረት ተጋድማለች። ያቺን ብረት ከዘበኛው በቀር የሚነካት አልነበረም። በሌሎች ትምህርት ቤቶች ቸርኬ ሲደበደብ ሰምቻለሁ፤ የእኛው ግን ይመታ ነበር። ለመግቢያ ሦስት ረጋ ያሉ ምቶች፣ ለእረፍት ሁለት አጫጭርና አንድ ረጅም፣ ለመውጫ ደግሞ ትከሻ የሚያስነቀንቅ ነገር። ዘበኛው ሲጨርሱ ቸርኬውን በመዳፋቸው ያዝ አድርገው ድምፁን ቁርጥ ያደርጉታል።

«ይህ ቸርኬ ፋ ነው» ይሉን ነበር። «ትንሽ ወረድ ያለ ፋ። ምን ያድርግ፣ ስንት መንገድ የዞረ ነው!»

ጊዜው 1973 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ፣ እኔ አራተኛ ክፍል። ሙዚቃ የሚባል ትምህርት ቢኖረንም ፋ የሰው ስም ይሁን የመኪና ዓይነት የሚያውቅ ከመካከላችን አልነበረም።

የሙዚቃ መምህራችን የሂሳብ መምህር ነበሩ። የሳምንት ክፍለ ጊዜያቸው ስላልሞላ ሙዚቃ በምርቃት ተሰጣቸው። ጥሩ ሰው ናቸው፤ የማያውቁትን ነገር በሚያውቁት መንገድ አስተማሩን። አምስት መሥመር በማስመሪያ አስምሩ። ሙሉ ኖታ አራት ምት፣ ግማሽ ኖታ ሁለት፣ ሩብ ኖታ አንድ። ሁለት ግማሽና አራት ሩብ ስንት ምት ይሆናል? ስምንት! ጎበዝ፣ ተቀመጥ። አንዲት ምት ሳትሰማ መንፈቅ ዓመቱ አለቀ። በፈተናው ከአሥር ዘጠኝ አገኘሁ። አንዷ የቀረችብኝ የሶል ቁልፉን ጭራ ወደተሳሳተው ጎን ስለጠቀለልኩት ነው።

እኛ የሶል ቁልፍ ስንሥል እንዋል እንጂ ዋናው ቁልፍ ርእሰ መምህሯ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ቢሯቸው ባለው ቁምሳጥን ውስጥ አንድ አኮርዲዮን ተቀምጧል። ለጽዳት የገባ ተማሪ ሁሉ በመስታወቱ አይቶታል፤ ሰውነቱ ቀይ፣ ጥርሱ ነጭ። ከየት እንደመጣ በተማሪው ቁጥር ልክ ወሬ ነበር። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ መልስ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ቢሰበር ማን ይጠየቃል?» በዓመት አንድ ቀን፣ ለቆጠራ፣ አቧራው ይጠረግና «አኮርዲዮን፣ 1» ተብሎ ተመዝግቦ እንደገና ይቆለፍበታል።

ዘበኛችንን ጋሼ ነበር የምንላቸው። ቀጭን፣ አካሄዳቸው ቀጥ ያለ፣ የካፖርታቸው ቁልፍ እስከ አንገት የተቆለፈ። በንጉሡ ዘመን ክላርኔት ነፊ ነበሩ፤ በክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማሕሙድ አህመድ የዘፈኑበት ቤት ነው። አላመንናቸውም። ጥላሁንን የሚያውቅ ሰው የእኛን በር ቁጭ ብሎ ይጠብቃል ብሎ ማን ያምናል? እርሳቸው ግን ግራ ቀኙን አየት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ ይሉ ነበር፦ «ድሮ ክቡር ዘበኛ ነበርኩ። አብዮቱ ክቡሩን ወሰደና ዘበኛውን ተወልኝ።» ቀልዱ የገባን ካደግን በኋላ ነው። ድምፃቸውን ለምን ዝቅ ያደርጉ እንደነበረም እንዲሁ።

መጋቢት ላይ ለሜይ ዴይ ሰልፍ መዝሙር እንለማመድ ጀመር። ልምምዱ ማለት ሦስት መቶ ልጅ ሜዳው ላይ ተሰልፎ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ መጮህ ነው። በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል ጋሼ ብረቷን በእጃቸው እንደያዙ ከበሩ መጡ። ተናደው ነበር። «ልጆች» አሉ፣ «በሬ ጠፍቶባችኋል? የምትጠሩት ሰው አለ? እንግዲያው ለምን ትጮኻላችሁ?» ከዚያ እዚያው ቆመው በአፋቸው አንድ ድምፅ ሰጡን፤ በእጃቸው ዝቅ፣ ከፍ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ያ ጩኸት ዜማ ሆነ። ርእሰ መምህሯ ከቢሯቸው ደጃፍ ላይ ሆነው ያዩ ነበር።

ርእሰ መምህሯ ብልህ ሴት ነበሩ። በከፍተኛው (የያኔው የቀበሌዎች የበላይ አስተዳደር) ውስጥ ያሉ ትምህርት ቤቶች የኪነት ውድድር እንዳለባቸው ያውቃሉ፤ ባለፈው ዓመት መጨረሻ መውጣታችንንም አልረሱም። በማግሥቱ ጋሼን ጠሩና የአርብ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ሰጧቸው። ደሞዙ ያው ነው። መዝገብ ላይ ያው ዘበኛ ናቸው፤ የሙዚቀኛ መደብ በትምህርት ቤቱ አልነበረምና። እርሳቸው ሲያስተምሩ በሩን ከስድስተኛ ክፍል ሁለት ግዙፍ ልጆች ይጠብቁ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ውስጥ ስንት ተማሪ በጉቦ እንደሾለከ እግዜር ይወቀው።

ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር አፋችንን ማዘጋት ነው። አንድ ወር ሙሉ አላዘፈኑንም። ክላርኔታቸውን ከአሮጌ ሹራብ ውስጥ ይፈቱና ይነፋሉ፤ እኛ እናዳምጣለን። የእኛ ቅኝት አምስት ድምፅ ነው ይሉናል፤ «የቀሩትን ሁለቱን ለጊዜው ለፈረንጅ ተዉለት፤ ሲያስፈልጋችሁ ትበደሩታላችሁ።» ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺሆዬን እያፈራረቁ ይነፉና «ይህ የማን ቤት ነው?» ይላሉ። ያወቀ ቀድሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አርብ ማታ ቀድሞ መውጣትን የመሰለ ሽልማት የት ይገኛል? በሁለት ወር ውስጥ አንቺሆዬን ከአምባሰል መለየት ያቃተው ልጅ በክፍላችን ከሁለት አይበልጥም ነበር። አንደኛው እኔ ነበርኩ። ብዙ አርብ ከእርሳቸው ጋር በሩን ቆልፌ ወጥቻለሁ።

ምናልባት በዚህ የተነሣ ይሆናል፣ አዘኑልኝ። አንድ ቀን ከወንዝ ዳር የተቆረጠ ሸምበቆ ይዘው መጡ። ሽቦ በከሰል አግለው፣ በጣታቸው እየለኩ፣ አራት ቀዳዳ አወጡለትና ሰጡኝ። ስነፋው ያስነጥሳል እንጂ አይዘፍንም። ትንፋሼን በአንዴ ስለማፈሰው ነበር። «ትንፋሽህን አትበትነው፣ አበድረው» ይሉኛል። ሲሻለኝ ደግሞ ጣቴ ቀዳዳውን ሳይሞላ ይቀርና ድምፁ ይጣመማል። ያኔ ዓይናቸውን ጨፍነው ግንባራቸውን ይቋጥሩና እንዲህ ይላሉ፦ «ዋሽንት ነው የሰጠሁህ፤ ዋሾ አልሰጠሁህም።» በእርሳቸው ቋንቋ የተበላሸ ድምፅ የለም፤ የዋሸ ድምፅ ነው ያለው።

ስለ አዝማሪው ቀን ልንገራችሁ። ጋሼ ርእሰ መምህሯን አስፈቅደው ከሠፈራችን ጠጅ ቤት ማሲንቆ ተጫዋቹን አመጡት። ሰውዬውን እናውቀዋለን፤ በመስኮት ተንጠልጥለን አይተነዋል። በቀን ብርሃን፣ በኮት፣ በክፍላችን በር ሲገባ ግን ሌላ ሰው ሆነብን፤ እርሱም ከእኛ ይበልጥ ያፈረ ይመስል ነበር። ልጆቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። የሂሳብ መምህራችን ከኋላ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። ሰውዬው ከኪሱ ዕጣን አወጣና የመምቻውን ጭራ አሸት አሸት አደረገ፤ ያች ሽታ ከጠጅ ቤት ይልቅ ቤተ ክርስቲያን ትመስል ነበር፤ ሳቁ ጋብ አለ። ከዚያ ስማችንን እየጠየቀ በግጥም ይሰካን ጀመር። ረጅሙን፣ ጥርሰ ፍንጭቱን፣ የቤት ሥራ የማይሠራውን (ይህን ማን እንደነገረው አላውቅም)። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ቀጥሎ ወደ ርእሰ መምህሯ ዞረ። አመሰገናቸው፣ እናት አላቸው፣ ከዚያ ዜማውን ዝቅ አደረገና ስለ አንድ እስረኛ ይገጥም ጀመር። ቀይ እንግዳ ነው፤ ወንጀሉ ሳይነገረው ታስሯል፤ ጥርሱ ነጭ ነው ግን ሥቆ አያውቅም፤ ፍርድ ያለሽ እመቤት ፍቺው። አስታውሱ፣ ዘመኑ 1973 ነው። ስለ እስረኛ፣ ያውም ስለ ቀይ፣ በአደባባይ የሚገጠምበት ጊዜ አልነበረም። የመምህራኑ ሳቅ በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ። የሂሳብ መምህራችን የታጠፈ እጃቸውን ፈቱት። እኛ ልጆቹ ምን እንደሆነ ሳይገባን ዝም አልን። ርእሰ መምህሯ ወለሉን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ፣ ከዚያ በድንገት እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፦ «አኮርዲዮኑን ነው እኮ! አኮርዲዮኑን ነው!»

በሚቀጥለው አርብ አኮርዲዮኑ ወጣ። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ አስፈርሞ ሰጠን፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎም ይጠብቀው ነበር።

በውድድሩ ሁለተኛ ወጣን። የምስክር ወረቀቱ ላይ «አሠልጣኝ» በሚለው ቦታ የሂሳብ መምህራችን ስም ተጻፈ፤ ዘበኛ አሠልጣኝ ሆኖ መጻፍ አይችልማ። መምህሩ ራሳቸው ከፍቷቸው ወረቀቱን ይዘው በሩ ድረስ ሄዱ። ጋሼ በሁለት እጃቸው ተቀበሉና ገልብጠው አዩት። «ወፍራም ወረቀት ነው» አሉ። የጥበቃ ቤቷ ጣውላ ላይ ነፋስ የሚያስገባ ክፍተት ነበረ፤ እዚያ ላይ ለጠፉት። ሙሉውን ክረምት ነፋስ ሲከለክል ከረመ።

የእኔ ዋሽንት ግን እስከ ክረምት አልዘለቀም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እንግዶች ባሉበት፣ ደፍሬ ነፋሁ። ጥሩ ነፍቼ ነበር፤ አሁንም ያንን አልክድም። አባቴ እንግዶቹ እስኪወጡ ጠበቀና ጠራኝ። «እኔ ልጅ የማስተምረው ለአዝማሪነት ነው?» አለ። አልጮኸም፤ አልመታኝም። ሸምበቆዋን ከእጄ ወሰደና ቡና ከሚፈላበት ከሰል ላይ አኖራት። እናቴ ጀበናውን እያዟዟረች ዝም አለች። የደረቀ ሸምበቆ ቶሎ ይያያዛል፤ ሦስተኛውን ቡና የጠጣነው በእርሷ ላይ ፈልቶ ነው።

ለጋሼ ጠፋችብኝ አልኳቸው። ሌላ እንሥራ አላሉኝም። ይገባቸው ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አግኝቻቸዋለሁ። 1980ዎቹ ውስጥ፣ ፒያሳ፣ ካፖርቱ ያው ነው። እኔ ከረባት አስሬያለሁ። ጉንጬን ሦስት ጊዜ ስመው «ትነፋለህ ወይ ልጄ?» አሉኝ። «ጊዜ የለኝም ጋሼ» አልኩ። ቀና ብለው አዩኝና «ትንፋሽስ አለህ?» አሉ።

ካደግኩ በኋላ የዚህን አገር የሙዚቃ ትምህርት ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ የምትገርመኝ አንዲት ነገር አለች። ሙዚቀኛን ወደ ተማሪ ቤት ማምጣት ለእኛ አዲስ አይደለም። የቅዱስ ያሬድን ዜማ የሚያስተምር የኔታ መጀመሪያ ራሱ ዜመኛ ነው። ድጓ የሚያስቀጽል መርጌታ ጋይንት ቤተ ልሔም ወርዶ፣ በሊቃውንት ፊት ድምፁን አውጥቶ «ያስመሰክራል»። ቃሉን ልብ በሉት፤ ማስመስከር። ማስረጃው ጉሮሮው ነው። ሳይዘምር ዜማ የሚያስተምር ሰው ቢመጣ ደቀ መዛሙርቱ ራሳቸው በመቋሚያ ይሸኙት ነበር።

ዘመናዊው የሙዚቃ ትምህርት ሲመጣም ያስተማሩት ሙዚቀኞች ነበሩ። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሄደው ወላጅ የሌላቸውን የአርመን ልጆች የነሐስ ባንድ ሰሙ፤ ወደዱት፤ «አርባ ልጆች» የተባሉትን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። መምህር አድርገው ኬቮርክ ናልባንዲያንን ቀጠሩ። «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የሚለውን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን መዝሙር ዜማ የደረሱት እርሳቸው ናቸው። የሥጋ ዘመዳቸው ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን ኦርኬስትራ መሩ፤ ስንቱን ሙዚቀኛ አሠለጠኑ። ጋሼም ኖታ ያስቆጠሯቸው የውጭ አገር ሰው እንደነበሩ ይነግሩን ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ ግብፃዊው አቀናባሪ ሐሊም ኤል-ዳብ ማሲንቆውን፣ ክራሩን፣ ዋሽንቱን ዩኒቨርሲቲው ግቢ ሰብስበው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቆሙ፤ ኋላም ተስፋዬ ለማ ተረክበው መሩት። ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ ምስጋና ሲያንሳቸው ነው። ግን አዝማሪያችን የዩኒቨርሲቲ በር እንዲከፈትለት ከናይል ማዶ ሰው እስኪመጣ መጠበቁ፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ትንሽ ያሳክካል።

ሁሉም እንዲያ አልነበረም። የበገናው ሊቅ ዓለሙ አጋ ነገር ደስ ይለኛል። እንጦጦ ሲያድጉ፣ ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ጎረቤት ሆነው መጡ። አለቃ በገና ደርዳሪ ናቸው፤ በአቅራቢያው ባለ ትምህርት ቤትም በገና ያስተምራሉ። ልጁ በገናቸውን በመሸከም ይረዳቸው ነበር። በገና እኮ የልጅ ቁመት ያህል ነው፤ አሥር ጅማት የተወጠረበት። ከዚያ ሸክም ነው ዓለሙ አጋ የተገኙት። አድገውም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተምረዋል። አንድ ባለሙያ በትምህርት ቤት በር ገብቶ ሲወጣ ምን ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም። አለቃ ተሰማ ያን ዘመን አንድ ቀን ብቻ ለፕሮግራም መጥተው፣ አጨብጭበንላቸው፣ ቢሄዱ ኖሮስ?

ወደ ዛሬ ልመለስ።

የመጨረሻዋ ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት፤ የግል ትምህርት ቤት። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «የክወናና የእይታ ጥበባት» የሚል ትምህርት አለው፤ መጽሐፉም ባለቀለም ነው፤ ክራሩ፣ ማሲንቆው፣ ከበሮው በሥዕል ተደርድሯል። የእኛን የአምስት መሥመር ዘመን ሳስብ እቀናለሁ። ትምህርት ቤቱ ሦስት ኪቦርድ አለው። ለምዝገባ የሄደ ወላጅ ሁሉ ይጎበኛቸዋል፤ እንደ ገቡ ናቸው፣ ላስቲካቸው እንኳ አልተቀደደም። ልጄን «ነክተሽው ታውቂያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «አይነካም አባዬ፣ ውድ ነው» አለችኝ። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ትዝ አለኝ፤ ነፍሱን ይማር።

ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤቱ «ባለሙያ በትምህርት ቤታችን» ብሎ ቀን አዘጋጀ። ወላጆችም ተጠራን። አንድ ስሙን ከየአጥሩ ማስታወቂያ ላይ የማውቀው ድምፃዊ በትልቅ መኪና መጣ፤ በሩ በሁለቱም ወገን ወለል ተደርጎ ተከፈተ። መድረክ፣ ስፒከር፣ የለስላሳ መጠጥ ባነር። ድምፃዊው ሦስት ዘፈን «ዘፈነ»፤ አፉ ሲዘጋ ድምፁ የሚቀጥልበት ጊዜ ነበር፤ ልጆቹ ስልክ ደቅነው ስለነበረ ያየው የለም። ለልጆቹ «ሕልማችሁን ተከተሉ» አላቸው። ጋሼ ባስተማሩን ወራት ሁሉ ሕልም የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ ትንፋሽ ነበር የሚሉት። ፎቶ ተነሣን፤ በመስታወት የታቀፈ የምስክር ወረቀት ተሰጠው፤ አርባ ደቂቃ። መኪናው ወጣ።

ከእርሱ ጋር የመጣ አንድ ወጣት ክራር ተጫዋች ግን ቀረ። ታክሲ ይጠብቅ ነበር መሰለኝ። መድረኩ ጥግ ተቀምጦ ክራሩን ሲቃኝ ልጄና ሦስት አራት ልጆች ከበቡት። አሥር ደቂቃ አይሞላም። ጣታቸውን ይዞ አስነካቸው፤ አንዱን ክር አላልቶ «አሁን ምን ሆነ?» አላቸው፤ ልጄ ፊቷን አጨማደደች፤ መልሶ ሲወጥረው ፊቷ ተፈታ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። ቅኝት ሲገባ የሰው ፊት እንደዚያ ነው የሚሆነው። የዚያ ቀን ዝግጅት በሙሉ ስንት እንደወጣበት አላውቅም፤ የነበረው ትምህርት ግን ያች አሥር ደቂቃ ነበረች፤ እርሷም በፕሮግራሙ ላይ አልተጻፈችም።

በወሩ ፈተና መጣ። «ክራር ስንት ክር አለው?» ልጄ ቆጥራለች፤ በጣቷ። «ስድስት። አምስት ያለውም አለ ብሎኛል» ብላ ጻፈች። ኤክስ ተደረገባት። የተፈለገው መልስ «አምስት» ብቻ ነበር። ደብተሯን ይዛ መጥታ «ክራሩ ነው የተሳሳተው?» አለችኝ። የእኔ ከአሥር ዘጠኝና የእርሷ ኤክስ፣ አርባ ምናምን ዓመት ተራርቀው፣ ዓይን ለዓይን ተያዩ።

በዚህ ተነሣስቼ ወደ ወላጆች ስብሰባ ሄድኩ። እንዲያውም የልጄ የጥበባት መምህርት ራሳቸው፣ ክብር ይስጣቸው፣ ሐሳቡን አስቀድመው አቅርበውት አገኘሁ፦ ያ ክራር ተጫዋች በሳምንት አንድ ቀን ይምጣ፣ እኔ መጽሐፉን ላስተምር፣ እርሱ እጃቸውን ያስተምር። አስተዳደሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጁ ዲግሪ የለውም፤ ተቆጣጣሪ ቢመጣ በምን መደብ ይባላል? አንዲት እናት «ክራር ምን ያደርግላቸዋል? ፒያኖ ከሆነ ውጭ ሲሄዱም ይጠቅማቸዋል» አሉ። ብዙ ራስ ተነቀነቀ። አንድ አባት በጨዋ ቋንቋ፣ እያቅማሙ፣ አባቴ ከሰሉ ላይ ያለውን አሉ። ከዚያ ሒሳቡ መጣ፤ ለእርሱ የሚከፈለው ለየወላጁ ሲካፈል በወር ጥቂት መቶ ብር ይጨምራል። «የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» ተባለ።

መምህርቷ ወደ እኔ አዩ። ከስብሰባው በፊት ስለ ጋሼ፣ ስለ ቸርኬው፣ ስለ ቀዩ እስረኛ አንድ በአንድ አጫውቻቸው፣ እስኪሳቁ ድረስ አስቄአቸው ነበር። የትራንስፖርት ክፍያ ጨምሮብናል፤ የደንብ ልብሱ ተቀይሯል፤ ከፊቴ የተቀመጡት አባት የመሥሪያ ቤቴ ሰው ናቸው። እጄ ጭኔ ላይ ነበረች። እዚያው ቀረች። ሁለት እጅ ተቆጠረ፤ አንዷ የመምህርቷ ነበረች።

ስወጣ የበሩ ጥበቃ፣ ከኤጀንሲ የመጣ የደንብ ልብስ የለበሰ ወጣት፣ በቀስታ ያፏጭ ነበር። ቆም ብዬ አዳመጥኩ። ባቲ ይመስላል። አምባሰልም ሊሆን ይችላል፤ እኔ እንደምታውቁት አርብ አርብ የምቀር ልጅ ነበርኩ።

እሑድ ከውሃ ቧንቧ ሠራተኛ አንድ ክንድ የምትሆን የፕላስቲክ ቱቦ ለመንኩ። ሚስማር በሻማ አግዬ፣ በጣቴ እየለካሁ፣ አራት ቀዳዳ አወጣሁ። ትዝ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። የፕላስቲኩ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ባለቤቴ መስኮት ከፈተች። ነፋሁ። ከሁሉ በፊት አስነጠሰኝ። ከዚያ ግን አንድ ድምፅ ወጣ፣ ከዚያ ሁለተኛው። ልጄ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች፤ አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት፣ ሦስት ጣት ሳነሣ አገጯን በእጇ ይዛ ታዳምጣለች። ሦስተኛው ላይ ዓይኗን ጨፈነች፤ ግንባሯን ቋጠረች።

«አባዬ» አለች፣ «ይሄኛው ይዋሻል።»

ሌላ ቱቦ አለ ወይ ብዬ ለመጠየቅ ወደ ቧንቧ ሠራተኛው ደወልኩ።